ዳዊቱን የደገመው ማን ነው?

ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ እኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ያኔ ከኮልፌ እስከ ቀራንዮ ስሜን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ መንገደኛ ነው ወይ ደንቆሮ። ባለ ሁለት እጀታ መጋዝ ይዤ ባሕር ዛፍ ስሰነጥቅ ስውል፣ ከወዲያ ጫፍ የሚስበው ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ይቀየር ነበር፤ እኔ አልቀየርም። ፊደል የቆጠርኩት በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቆሜ፣ የሌሎችን ልጆች ትምህርት በጆሮዬ እየሰረቅሁ ነው። በአሥራ አራት ዓመቴ ዳዊት ደገምኩ። እንዴት ያለ አደጋገም! አንድ ንጉሥ ዳዊት ማለት አሥር መዝሙር ነው፤ ሌላው ሰው ከአምስተኛው ሳይደርስ እኔ አሥሩን ጨርሼ መጽሐፉን አጥፌ እቀመጣለሁ። የሰፈሩ ሰው "የበየነ ምላስ የንብ ክንፍ ናት" ይል ነበር። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም። ለጉራ ቢሆን ከዚህ የሚበልጥ ብዙ ነበረኝ።

ባለፈው ወር አንዲት የማላውቃት ሴት ስልክ ደወለችልኝ። አባቷ አቶ ወልደየስ ዘጠና ሊሞላቸው ትንሽ ሲቀራቸው ማረፋቸውን፣ ከተቀበሩም ሳምንት መሆኑን ነገረችኝ። "ስምዎን አባባ ማስታወሻ ላይ አግኝቼ ነው የደወልኩት፤ ዘመድ ነዎት?" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? አይደለሁም ብል ውሸት ነው፤ ነኝ ብል ደግሞ በየት በኩል እንደሆነ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። "አብረን እንጨት እንሰነጥቅ ነበር" አልኳት።

በዚያው ሳምንት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት አዲስ ወሬ ይዛ መጣች። ተማሪው የራሱን ጥያቄ ይመርጣል፤ አንድ መምህር እየመራው ከመጽሐፍ ያልተገለበጠ፣ ማንም ከዚያ በፊት ያልሠራው ጥናት ይጽፋል፤ በመጨረሻም በፈታኞች ፊት ቆሞ ይከራከርበታል። "አባባ፣ እንዲህ ያለ ነገር በኛ ሰፈር ኖሮ አያውቅም" አለችኝ። ሣቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ልጄ፣ አያትሽ ይህን በጣሊያን ጊዜ፣ በመጋዝ ጉድጓድ ውስጥ፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ሠርቶታል። መሪውም አቶ ወልደየስ ነበሩ።

አቶ ወልደየስ ወደ ኮልፌ የመጡት ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው በሚታደንበት ወራት ነው። ከጦርነቱ በፊት በአንድ ችሎት ጸሐፊ ነበሩ። ምስክር ቀርቦ "አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?" እየተባለ ሲመረመር ቃሉን የሚጽፉ ሰው ነበሩ። እኛ ግን ይህን አናውቅም። ለእኛ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እጁ ላይ ልምጭ እንኳ ይዞ የማያውቅ የሚመስል የቀን ሠራተኛ ናቸው። ግንዱ በጉድጓዱ አፍ ላይ ይጋደማል፤ አንዱ ሰው ከላይ ቆሞ፣ አንዱ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መጋዙን ወደ ላይና ወደ ታች ይስባሉ። ጉልበተኛው ከታች ይሁን ስለሚባል እኔ ከታች፣ እሳቸው ከላይ ነበርን። ሰጋቱራው ሁሉ የሚወርደው እኔ ላይ ነው።

መጀመሪያ ያወቅኳቸው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ጣሊያን መንገዱ ላይ ያቆመው ኬላ ወታደሮች ከአስተርጓሚያቸው ጋር መጥተው የአዋጅ ወረቀት አደሉን። አቶ ወልደየስ ወረቀታቸውን ዘቅዝቀው ያዙና በጣታቸው እየዳሰሱ፣ "እንዴት ያለ ጠንካራ ወረቀት ነው! ለበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል" አሉ። አስተርጓሚው ከት ብሎ ሣቀና ለጣሊያኑ ነገረው፤ እሱም ሣቀ። ሄዱ። እኔ ግን ዓይናቸውን አይቼ ነበር።

መጋዙን ስንጀምር ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ፣ "ጋሽ ወልደየስ" አልኩ፣ "በርበሬ የሚጠቀልል ሰው ዓይኑ ከመስመር ወደ መስመር አይሄድም።"

መጋዙ ቆመ።

"አይተህ ነው ወይስ ገምተህ?"

"አይቼ።"

"እንግዲያው ማየት ችለሃል። አሁን ደግሞ ዝም ማለት ትችል እንደሆነ እናያለን።"

ዝም አልኩ። ከዚያ በፊት ዝም ብዬ አላውቅም ነበር።

ትምህርቱ የተጀመረው ግን ዝም ባለማለቴ ነው። ያን ጊዜ ዛሬ ሚኒባስ የሚርመሰመስበት ቦታ ሁሉ ጫካና ረግረግ ነበር። እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶቻችን ወንዙን የሚሻገሩት በእግራቸው ነው። ክረምት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ እየወጣ፣ ድንገት ጎርፍ ይመጣና ሸክም ያጎበጣትን ሴት ይወስዳል። እኔም አንድ ጠዋት እንደ ሰፈሩ ሰው፣ "ወንዙ በየዓመቱ ግብሩን ካልበላ አይተኛም" አልኩ።

"ሲበላ አይተሃል?" አሉኝ ከላይ።

"ሰው ሁሉ የሚለው ነው!"

"ሰው ሁሉ የሚለው የጆሮ ነው። እኔ የጠየቅኩህ የዓይን ነው።"

"እሺ፣ ጎርፉ ከየት ይመጣል ታዲያ? ዝናብ ሳይዘንብ!"

"እኔን ትጠይቀኛለህ? ጥያቄው ያንተ ነው። መልሱን ሌላ ሰው ጽፎት ከሆነ አምጣና አንብብልኝ። ካልጻፈው አንተ ጻፈው።"

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ሦስተኛ ሰው ተጨመረ፤ ሸምሱ ይባላል። የሰነጠቅነውን ጣውላ በአህዮቹ ጭኖ ከተማ የሚያደርስ፣ እንደኔው ጎረምሳ፣ ቀልደኛ የሰፈራችን ነጋዴ ነው። የእኛን ፊደል አያውቅም፤ አማርኛውን በዐረብ ፊደል ነው የሚጽፈው። አቶ ወልደየስ "ጽሑፉን አንተ ታነበዋለህ፣ እኛ እንሰማለን፤ ፊደሉ የማንም ይሁን" አሉት። የሸምሱ ጥያቄ፣ ከአህዮች መካከል የአንዳንዱ ጀርባ ለምን ይገጠባል የሚል ነበር። ሰው ሁሉ ከጭነት ብዛት ነው ይላል። ሸምሱ ስንት ገበያ ዞሮ፣ የስንቱን አህያ ጀርባ ገልጦ አየ። የጭነት ነገር ብቻ አልሆነም። ከጭነቱ ሥር የሚደረገውን ድሪቶ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ ሰው አህያው ደህና ነው፤ እርጥቡን መልሶ የሚጭን ሰው አህያው ይገጠባል። ባለ አህዮቹ "የአህያ ሐኪም መጣልን" እያሉ ሲስቁበት ከረሙ፤ በኋላ ግን ድሪቷቸውን እያሰጡ አየኋቸው።

የአቶ ወልደየስ አሠራር የችሎት አሠራር ነው። ከጣሊያን ሥራ የተረፈ የሲሚንቶ ከረጢት ሸምሱ ያመጣል፤ አራግፈን፣ ውስጠኛውን ወረቀት ቀደን፣ በአናጢ እርሳስ እንጽፋለን። ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ትይዩ በዳር ምልክት ይደረጋል። ዐይናችን ያየው ከሆነ "ዐ"፣ ከሰው የሰማነው ከሆነ "ጆ"፣ ልባችን የገመተው ከሆነ "ል"። ምልክቱን እኛ ካበላሸን እሳቸው በራሳቸው እጅ ያርሙታል። የእጅ ጽሕፈታቸው! እንደ ተተከለ ዛፍ ቀጥ ያለ፣ ለዓይን የሚጣፍጥ። በኮልፌ ከኔ የሚበልጥ ነገር እንዲኖር ስለማልወድ፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየማታው በከሰል ጣውላ ላይ እየገለበጥኩ ያን ጽሕፈት ሰረቅኳቸው።

ጽሑፉ ሲያልቅ ተጠየቅ ይደረጋል። በምሳ ሰዓት ኩታችንን ወገባችን ላይ እንደ ተከራካሪ እናስራለን። እሳቸው ዘንጋቸውን ያነሱና "ተጠየቅ!" ይላሉ፤ የጻፈው ሰው "ልጠየቅ!" ብሎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ወንድምነት የለም።

እኔ የሠራሁት ሥራ ይህ ነው። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከጋራው ላይ ከሚዘንበው ዝናብ መሆኑን ሄጄ በዐይኔ አየሁ። ከዚያ ጋራው ላይ ሲያንጎደጉድ ተነስቶ ጎርፉ መሻገሪያው ላይ እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ መለካት ጀመርኩ። ሰዓት የለኝም። ስለዚህ የቤተ ክህነት ሰው እንደሚያደርገው በዳዊት ለካሁ። ነጎድጓዱን ስሰማ "ፍካሬ ዘጻድቃን" ብዬ ከመጀመሪያው መዝሙር እጀምራለሁ፤ ጎርፉ ሲደርስ አቆማለሁ። ስንት ቀን መሻገሪያው ላይ ተቀምጬ ለካሁ፤ ሁልጊዜም ሁለት ንጉሥ፣ ማለት ሃያ መዝሙር ሲሞላ ወይም ሊሞላ ሲል ይደርሳል። የውሃውን ጥልቀት በዘንግ ለክቼ፣ ምን ያህል ሲሞላ ሰው፣ ምን ያህል ሲሞላ በቅሎ፣ ምን ያህል ሲሞላ ደግሞ መኪና እንደማያሻግር ጽፌ ጨመርኩ። የመኪናውን ነገር የጨመርኩት ትልቅ ሥራ እንዲመስል ነው። ስሜንም ጻፍኩበት፤ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች።

የተጠየቄ ቀን ሸምሱ ነው የጀመረው።

"ተጠየቅ!"

"ልጠየቅ!"

"እኔ ዳዊት አላውቅም። ጋራው ሲያንጎደጉድ ለመሻገር ጊዜ እንዳለኝና እንደሌለኝ በምን ልወቅ?"

"ዳዊት ተማር!" አልኩት። ራሴው ብቻዬን ሣቅሁ።

አቶ ወልደየስ አልሣቁም። "ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም አለኝ። ዳዊቱን የደገመው ማን ነው?"

"እንዴት ማን ነው? ዳዊት ዳዊት ነው! ቅዱስ ዳዊት ለኔ አንድ፣ ለሌላው ሌላ አልጻፈም።"

"መልስ አልሰጠኸኝም።"

"ሰጥቻለሁ!"

ዘንጋቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይህ ወረቀት ከዚህ ጉድጓድ አይወጣም። ሌላ ሦስት ሰው ይለካው፤ ከዚያ እናያለን።"

ተቆጣሁ። ክረምቱ እየበረታ ነው፤ ሴቶቹ በየቀኑ ይሻገራሉ፤ መፍትሔው በእጄ ነው፤ እሳቸው ግን ይዘገያሉ። እውነቱን ልናገር ከተባለ ግን ያናደደኝ የሴቶቹ ነገር አልነበረም። ሥራዬን የሚያደንቅ ሰው መዘግየቱ ነው። በማግስቱ ወረቀቱን አጣጥፌ ለእማሆይ ወለተ ሥላሴ ሰጠኋቸው። እማሆይ መነኩሲት ናቸው፤ ዳዊት በቃላቸው ያውቃሉ፤ እንጨት የሚሸከሙትን ሴቶች ከፊት እየመሩ የሚወርዱትም እሳቸው ናቸው።

"ጋራው ካንጎደጎደ በኋላ ሁለት ንጉሥ እስኪደገም ሳይፈሩ ይሻገሩ" አልኳቸው።

"ይህን ማን አወቀው?"

"እኔ!"

"ተባረክ ልጄ" አሉና ወረቀቱን ከዳዊታቸው ጋር በማኅደራቸው ከተቱት።

ሦስት ቀን አለፈ። በአራተኛው ቀን ከምሳ በፊት ጋራው ላይ አንጎደጎደ። እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው። እኔ እንደ ልማዴ መጋዝ እየሳብኩ በልቤ ዳዊት መድገም ጀመርኩ። ሁለተኛው ንጉሥ ሊያልቅ ሲል ከመሻገሪያው በኩል ጩኸት ሰማን።

ስንደርስ ከፊት የነበሩት ሴቶች ከወዲያ ማዶ ሆነው ደረታቸውን ይደቃሉ። እማሆይ ሁሉንም አስቀድመው በመጨረሻ ይሻገሩ ስለነበር ውሃው መካከል ላይ አግኝቷቸዋል። ሸክማቸውን እንዳቀፉ ጎርፉ እያንከባለለ ወንዙ ከሚታጠፍበት ቦታ ወስዶ ከሾህ ጋር አጣብቋቸዋል። ሸምሱ የአህዮቹን ጠፍር ወገቡ ላይ አስሮ ገባ። እኔና አቶ ወልደየስ የጠፍሩን ጫፍ ያዝንለት። ሸምሱ አጥብቆ አቀፋቸው፤ እኛ ሳብን። ሲወጡ እግራቸው ተሰብሯል፤ ነፍሳቸው ግን አለች። ማኅደሩ ሄዷል።

ሣሩ ላይ አስተኝተናቸው ዓይናቸውን ገለጡ። እኔን አዩኝ።

"ልጄ" አሉ፣ "ገና አሥራ አንደኛው መዝሙር ላይ ነበርኩ እኮ።"

አቶ ወልደየስ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። እኔ ግን ያን ጊዜ ገባኝ። እማሆይ ዳዊትን የሚደግሙት እያንዳንዱን ቃል እያኘኩ፣ መካከል ላይ እያማተቡ ነው። የኔ ሁለት ንጉሥ የሳቸው አንድ ንጉሥና አንድ መዝሙር ነበር። ለሰው የሰጠሁት የውሃውን ልክ አልነበረም፤ የምላሴን ነበር።

ይህ ያደረስኩት አንደኛው ጥፋት ነው። ሁለተኛው በሁለት ቀን ውስጥ መጣ። ማኅደሩን የኬላው ወታደሮች ከታች ከወንዙ ዳር አገኙት። ቆዳው ወረቀቱን ከውሃ አድኖታል። በላዩ መሻገሪያው መቼ እንደሚሞላ፣ ምን ያህል ሲሞላ መኪና እንደማያልፍ ተጽፏል። ያን ጊዜ ጫካው ውስጥ አርበኛ ነበር፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ለምን እንደሚጻፍ ኬላ ላይ ያለ ሰው አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። ያ አስተርጓሚ ከሁለት ወታደር ጋር ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ።

"በየነ የሚባለው ማነው?"

"እኔ ነኝ ጌታዬ።"

"ውጣ። ይሄን አንተ ነህ የጻፍከው?"

"እኔ ነኝ።"

ወረቀቱን ዘረጋው። "እዚህ ላይ ያለው የሁለት ሰው እጅ ነው። አንዱ የዶሮ ጭረት ነው። ይሄ በዳር በዳር ያለው ግን የጸሐፊ እጅ ነው። የማን ነው?"

የዶሮ ጭረት ያለው የኔን ነው። በሌላ ቀን ቢሆን አልምረውም ነበር። ቀና ስል አቶ ወልደየስ መጋዙን እንደያዙ ቆመዋል። አፋቸው ሊከፈት ነው፤ አውቄያለሁ፣ "የኔ ነው" ሊሉ ነው። ያን ጊዜ ጽሕፈት አዋቂ ሰው በጣሊያኖች እጅ ከገባ ምን እንደሚያደርጉት ሁላችንም እናውቃለን።

"ሁለቱም የኔ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "አንዱ የሥራ ቀን እጄ ነው፣ አንዱ የበዓል ቀን እጄ!"

"ማን አስተማረህ?"

"እኔን የሚያስተምር ሰው ኮልፌ ላይ አልተወለደም። ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። ፊደሉን ከአጥር ሥር፣ ዳዊቱን ከአጥር ሥር፣ ቁጥሩን ከጣውላ..."

"ይሄኛውስ?" ብሎ ወደ አቶ ወልደየስ አመለከተ።

"ይሄ? ይሄ እኮ ወረቀት ዘቅዝቆ የሚይዝ ነው! ራስዎ አይተውት ሥቀውበት የለም? በርበሬ ጠቅላይ!"

አቶ ወልደየስ አንገታቸውን ደፉ። አስተርጓሚው ትንሽ አያቸውና ተዋቸው። እኔን አስረው ወሰዱኝ።

ኬላው ላይ ጠረጴዛ ፊት አቁመው ወረቀትና ብዕር ሰጡኝ። በሁለቱም እጅ ጻፍ ተባልኩ። መጀመሪያ በራሴ ጻፍኩ። ከዚያ ያን በከሰል ስሰርቀው የከረምኩትን ጽሕፈት፣ ያን ቀጥ ያለውን፣ ጻፍኩላቸው። እየጻፍኩ ስለ ራሴ ማውራቴን አላቆምኩም። ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ዳዊቴ፣ ስለ ጎርፉ፣ ስለ ውሃው ልክ። አስተርጓሚው ለጣሊያኑ አዛዥ እየተረጎመ ደከመው። በመጨረሻ እጁን አወናጨፈና አንድ ነገር ተናገረ፤ ወደ እኔም ዞሮ በአማርኛ ደገመልኝ።

"ይሄ ሰላይ አይደለም፣ ጉረኛ ነው አልኩት። ሰላይ ወረቀቱ ላይ ስሙን ሦስት ቦታ አይጽፍም።"

አርባ ቀን ወደ አምቦ በሚሄደው መንገድ ድንጋይ ፈለጥኩ። ጅራፍም ነበረበት፤ እሱን ልተወው። ሸምሱ በአህዮቹ ሲያልፍ ቆሎ ይወረውርልኛል፤ ወሬም ያቀብለኛል። አቶ ወልደየስ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ለኬላው ሊሰጡ ተነስተው እንደነበር የነገረኝ እሱ ነው።

"እንዴት አቆምካቸው?" አልኩት።

"'ጋሼ፣ በየነ ዕድሜ ልኩን ስለ ራሱ ሲዋሽ ኖሯል፤ አንዴ ለሰው ብሎ ቢዋሽ ሊያበላሹበት ነው?' አልኳቸው። ተቀመጡ።"

ተፈትቼ ስመጣ ምስጋና ጠብቄ ነበር። መጠበቄን አልደብቅም። ጉድጓዱ ጋ ስደርስ አቶ ወልደየስ ኩታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቆመዋል። ሸምሱ አለ። እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ተቀምጠዋል። እማሆይ፣ ወጌሻ እግራቸውን በእንጨት አስሮላቸው፣ ግንዱ ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጠዋል። አቶ ወልደየስ ወደ እኔ መጡ፤ ጎንበስ ብለው ሁለቱንም ጉልበቴን ሊስሙ ሲሉ አነሳኋቸው።

"ነፍሴን ያተረፍክ ወንድሜ ነህ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሱና ዘንጋቸውን አነሱ።

"ተጠየቅ!"

ሴቶቹን አየሁ። "ልጠየቅ" አልኩ።

"ዳዊቱን የደገመው ማን ነው?"

"እኔ።"

"ከሰው ትፈጥናለህ ወይስ ትዘገያለህ?"

"እፈጥናለሁ።"

"ይህን ከመጻፍህ በፊት ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር። እኮራበት ነበር።"

"ጽሑፍህ ውስጥ የት አለ?"

"የትም የለም" አልኩ። ያን ጊዜ እማሆይ ሣቅ አሉ።

"ልጄ፣ አንተ ዳዊትን በፈረስ ነው የምትጋልበው። እኔ አሮጊቷ ከንጉሡ ጋር በእግሬ ነው የምሄደው። እንዴት አብረን እንድረስ?"

"ተረታሁ" አልኩ። ይህን ቃል ከዚያ በፊት አፌ አውጥቶት አያውቅም።

"ፍርዱን እማሆይ ይስጡ" አሉ አቶ ወልደየስ።

እማሆይ ፍርዳቸውን ሰጡ። "እንደገና ይለካ። እሱ ግን ዳዊት አይድገም። ሸክም ይሸከም።"

ሴቶቹ እልል አሉ። አንዷ "የምሬን ነው፣ የኔን ይሸከም፣ እኔ ደግሞ ወገቤን ላሳርፍ!" አለች። ወንድ ልጅ የሴት እንጨት ተሸክሞ ኮልፌን አቋርጦ ሲሄድ ያን ጊዜ የታየ ነገር አልነበረም። እኔ ክረምቱ እስኪወጣ ተሸከምኩ። ሸምሱ አጠገቤ እየሄደ "የሰፈራችን አዲሷ ሙሽራ" ይለኛል። እየተሸከምን፣ ጋራው ካንጎደጎደ በኋላ ማን የት ስትደርስ ጎርፉ እንደሚመጣ መዘገብን። ከወጣቷም ከደካማዋም፣ ከሸክም ጋርም ያለ ሸክምም። ከስንት ክርክር በኋላ አንድ ልክ ወጣ። ማንበብም፣ ዳዊት መድገምም የማያስፈልገው ልክ ነው። ወንዙ ከመድረሱ በፊት ትልቅ ሾላ አለ፤ ሾላውን ሳታልፊ ካንጎደጎደ ሸክምሽን አውርደሽ ተቀመጪ፤ ጎርፉ መጥቶ እስኪያልፍ አትነሺ።

ጽሑፉን አምስተኛ ጊዜ ጻፍኩት። አቶ ወልደየስ አንብበው ሲጨርሱ በዳሩ ላይ ምንም አልጻፉም። አጣጥፈው መለሱልኝና "መጋዙን ያዝ፣ ግንዱ ይጠብቀናል" አሉ። በሕይወቴ ከተሰጡኝ ሽልማቶች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም፤ ሽልማትም ያጣሁ ሰው አይደለሁም።

ጣሊያን ሲወጣ አቶ ወልደየስ ወደ ጸሐፊነታቸው ተመለሱ፤ በሥራ ምክንያት ክፍለ ሀገር ለክፍለ ሀገር ሲዞሩ ኖሩ። ደብዳቤ ይጽፉልኝ ነበር፤ ደብዳቤያቸው ሰላምታና ጥያቄ ብቻ ነው። አንዳንዴ አዲስ አበባ ሲመጡ ሰው በፊታቸው "አቶ በየነ እኮ ማንም ሳያስተምረው ነው!" ይላል። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ "አዎን፣ ራሱን ነው ያስተማረው" ይላሉ። ለአስተርጓሚው የተናገርኩትን ቃል እስከ መጨረሻው አላፈረሱብኝም። እኔም አላፈረስኩትም፤ ይመቸኝ ስለነበር ነው። ልጆቼ እንኳ የሚያውቁት ያን ነው። አሁን እሳቸው አፈር ውስጥ ናቸው፤ እኔ ካልተናገርኩ የሚናገር የለም። እነሆ ተናገርኩ። አስተማሪ ነበረኝ። ስማቸው ወልደየስ ነው።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ዘርዝሬ ላብቃ።

የራሴን የእንጨት ሥራ ቤት ከፍቼ፣ ዓይኔ እስኪደክም ሠርቻለሁ። ዛሬም በአካባቢያችን የእኔ በር የሌለው አሮጌ ቤት ጥቂት ነው።

ስድስት ልጆች አሳድጌአለሁ። አራቱ ከኔ በላይ ተምረዋል፤ ከኔ በላይ ያወቀ ግን እስካሁን አላየሁም።

ጣሊያንኛ ከሲሚንቶ ከረጢት፣ እንግሊዝኛ ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ለቅሜአለሁ።

ዘጠኝ ጥናት ጽፌአለሁ። ስለ ምስጥ፣ ስለ ባሕር ዛፍ ጣውላ መጣመም፣ ስለ ጉድጓድ ውሃ፣ ስለ ሌላም። ያነበባቸው ሰው ጥቂት ነው፤ ጥፋቱ የአንባቢው ነው።

የሸምሱን የአህያ ጥናት እሱ እያነበበልኝ ወደ እኛ ፊደል ገልብጫለሁ። ስሙን ከላይ ጽፌ፣ የኔን አልጻፍኩም።

ድልድይ እስኪሠራ ድረስ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴን ወንዙን በጀርባዬ አሻግሬአለሁ። ዳዊታቸውን ጀርባዬ ላይ ሆነው ሲደግሙ አላቻኮልኳቸውም።

አንድ ሰው በውሸቴ አድኛለሁ።

አንድ ጊዜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ተረትቻለሁ።